አካፋው ከእኛ፣ ባለሙያው ከእናንተ፦ ስለ ዋሻ ሚካኤል ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር፣
ለየካ ቅዱስ ሚካኤል ደብር አባቶች፣
እንዲሁም ለየካና ለኮተቤ ነዋሪዎች በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በግንቦት ነው። ሰኔ ደጅ ላይ ነው። ሰኔ ማለት ለእኔ ጃንጥላና ጭቃ ብቻ አይደለም። ዋሻ ሚካኤል ውሃ የሚሞላበት ወር ነው። ለዚህ ነው የቸኮልኩት።

ባለፈው እሑድ ልጄን ይዤ ወደ የካ ተራራ ወጣሁ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አቀበቱ አድክሟት ሦስት ጊዜ ተቀምጣለች። ባህር ዛፉን አልፈን አፋፉ ላይ ስንደርስ ወደ ታች አየች፤ ከዚያ ወደ ሰማይ አየች። «አባዬ፣ ጣራውን ማን ወሰደው?» አለችኝ።

ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። ደብዳቤው የተጀመረው እዚያው ነው።

ዋሻ ሚካኤልን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ተራራ ላይ ያለ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ነው። ውቅር ማለት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ ያልተሠራ፣ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ማለት ነው። ላሊበላን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጠራቢዎቹ መጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው አለቱን ከተራራው ለዩት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው በርና መስኮት፣ ዓምድና ክፍል አወጡለት። ዛሬ ጣራው በአብዛኛው ተደርምሷል። ግድግዳው ቆሟል። በሮቹ ይታወቃሉ። ቦዩም አለ።

አለቱ የዚያ ተራራ የራሱ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ በረጅም ዘመን ተጠቅጥቆ የጠነከረ ድንጋይ ነው። ለመሮ ይመቻል። የመረጡትም ለዚህ ይመስለኛል። ግን ለመሮ የሚመች ድንጋይ ለውሃም ይመቻል።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት በልጅነቴ ከአያቴ ጋር ነው። አፋፉ ላይ ስንደርስ ጫማዋን አወለቀች። ገና ቦዩ ውስጥ አልወረድንም። «እዚህ ጋ ነው ደጁ» አለችኝ። ለእሷ ቅጥሩ የሚጀምረው ከአለቱ አፍ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ እንደማንኛውም ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ወረደች። ጣራ መኖር አለመኖሩ ለአያቴ ምንም አልነበረም። «አብርሃና አጽብሃ ያሠሩት ነው» ትል ነበር። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎችም ይህንኑ ይላሉ። ይህ ማለት አራተኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ክርስትና ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት በገባበት ዘመን።

የታሪክና የሥነ ሕንጻ ሰዎች ደግሞ አሠራሩን ከሌሎች ውቅር ቤተ ክርስቲያናት ጋር አስተያይተው ወደ 12ኛውና 13ኛው ክፍለ ዘመን ያመጡታል። የላሊበላ ዘመን ማለት ነው። እኔ በሁለቱ መካከል ዳኛ ለመሆን አልተነሳሁም። የአያቴን ቃል አከብራለሁ። የምሁራኑን ሥራም አከብራለሁ። ዝቅተኛውን ዕድሜ ብንወስድ እንኳን ይህ ቤት ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ይህን ቁጥር ከአዲስ አበባ ዕድሜ ጋር አስተያዩት። ከተማችን በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች እንላለን። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ስሟንም አዲስ አበባ አሏት። በዚህ ሒሳብ ወደ 140 ዓመት ነው። ከዚያ በፊት እዚህ ከጫካና ከግጦሽ ሌላ ምንም ያልነበረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔም ትምህርት ቤት እያለሁ እንደዚያ ነበር የማስበው። የካ ተራራ ላይ ያለው አለት ግን ሌላ ነገር ይናገራል። አዲስ አበባ አዲስ ከመባሏ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት እዚህ ሰው ነበረ። ጠራቢ ነበረ፤ ካህን ነበረ፤ ለጠራቢው ቀለብ የሚሰፍር ገበሬ ነበረ። አንድ ተራራ ፈልፍሎ ቤት ማውጣት የሁለት ሰው ሥራ አይደለም።

እንጦጦም ይህንን ይደግፋል። ምኒልክ እንጦጦ ላይ የሰፈሩት ቦታው የቀድሞዎቹ ነገሥታት፣ በተለይም የዐፄ ዳዊት መናገሻ ነበር የሚለውን ትውፊት ይዘው ነው። ዐፄ ዳዊት የነገሡት በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ ነው። በ1450ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገደማ ቬኒስ ውስጥ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ ትልቅ የዓለም ካርታ ሠርቷል። በካርታው ላይ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት የሰማቸውን የአገራችንን ስሞች አስፍሯል። ከነሱ አንዱ በራራ ነው። በራራ የነገሥታቱ ከተማ ነበረች። የት ነበረች ለሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎች የእንጦጦንና የየረርን አካባቢ ሲያስሱ ቆይተዋል። ዋሻ ሚካኤል ቆሞ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ብቻውን የቆመ ድንጋይ አይደለም። የአንድ የጠፋ ዓለም ቁራጭ ነው።

ያ ዓለም እንዴት እንደጠፋ ረጅም ታሪክ አለው። በ1529 (እ.ኤ.አ.) ሽምብራ ኩሬ ላይ ዐፄ ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ ጦር ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በሸዋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ቤተ መንግሥቱም ከዚህ አገር ለቀቀ። ቀጥሎ ሌላ ሕዝብ ሰፈረ፤ ሌላ ስም መጣ። የቱለማ ኦሮሞ ገበሬዎች በዚህ ተራራ ግርጌ ለብዙ ትውልድ አርሰዋል፣ ከብት አግደዋል። ስለዚህ የዚህ አለት ታሪክ የአንድ ወገን ታሪክ ብቻ አይደለም። የጠረበውም፣ በዙሪያው የኖረውም፣ ዛሬ ሊያየው የሚወጣውም የራሱ ድርሻ አለው። ይህንን ሆን ብዬ የምለው፣ ቅርስ በተነሳ ቁጥር «የማን ነው?» የሚል ጭቅጭቅ ተነስቶ ሥራው ስለሚቀር ነው። ተጨቃጭቀን እስክንጨርስ ውሃው አይጠብቀንም።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። የደብዳቤዬ ነገር እሱ ነው።

ባለፈው እሑድ የወረድነው በልግ ትንሽ ዘንቦ ከቆመ በኋላ ነው። ቦዩ በአንድ በኩል ደረቅ ነው። በሌላ በኩል እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ አቁሯል፤ ትንንሽ እንቁራሪቶች ይዘላሉ። ልጄ እነሱን ስታይ እኔ ግድግዳውን አየሁ። ደረቁ ጎን ላይ የጠራቢው መሮ ያለፈበት መስመር አሁንም አለ። ከላይ ወደ ታች ሰያፍ የወረደ፣ የጣት ስፋት ያለው፣ አንዱ ከሌላው ጎን የተሰለፈ። ትናንት የተመታ ይመስላል። አንድ ቦታ ላይ ጠራቢው እጁን ቀይሮ ይሁን ወይም ቦታ ለውጦ አላውቅም፣ መስመሩ በተቃራኒው ይሄዳል። ልጄን ጠርቼ ጣቷን በመስመሩ ላይ አስሄድኩት። «ይሄ የሰው እጅ ነው» አልኳት።

ከዚያ ወደ እርጥቡ ጎን ሄድኩ። ያው ግድግዳ፣ ያው አለት። ከውሃው በላይ እስከ ጉልበቴ ድረስ ድንጋዩ ጠቁሯል፤ አረንጓዴ ነገር ለብሷል። መስመሩ የለም። ጣቴን ነካ ሳደርገው እንደ እርጥብ ዱቄት ተላቀቀ። ጣቴን ሳነሳ ላዩ ላይ አሸዋ ቀረ። በጣቴ ላይ የቀረው ከ700 ዓመት በፊት የተጠረበ ግድግዳ ነው። ልጄ እንዳታይብኝ ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት።

ምን እየሆነ እንዳለ ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ ይህ ድንጋይ ውሃ ከእግሩ ወደ ላይ ይስባል። ክረምቱን ሙሉ ይጠጣል። በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል። ሲደርቅ በውሃው ውስጥ የነበረው ጨው ድንጋዩ ላይ ይቀራል፤ ላዩን እየገፋ ያራግፈዋል። በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ እንደገና። ከላይ በኩል ጣራው ስለተከፈተ ዝናቡ በቀጥታ ይገባል። በስንጥቁ ውስጥ የዛፍ ሥር ገብቶ ያሰፋዋል። ጣራውን ለማውረድ ጦርነት ኖረም አልኖረም፣ ውሃና ሥር ብቻቸውን አንድን አለት ለመክፈል አቅም አላቸው።

አሁን አንድ ነገር አስቡልኝ። በድንጋይ የተገነባ ቤት ቢፈርስ የወደቀውን ድንጋይ አንስተህ ትመልሳለህ። ከጠፋም ሌላ ትጠርባለህ። ውቅር ቤት ግን በመጨመር አልተሠራም። በመቀነስ ነው የተሠራው። ጠራቢው ከተራራው ላይ የማያስፈልገውን አንስቶ የሚያስፈልገውን ተወልን። አሁን ውሃው መቀነሱን ቀጥሏል። ዝናብ የወሰደውን የሚተካ የለም።

ለዚህ ነው የምለምናችሁ ነገር ከሌላው ጊዜ ልመና የሚለየው። ዋሻ ሚካኤልን አድሱልን አልልም። እንደገና ሥሩልን አልልም። ጣራ ጣሉለት፣ ልስን አድርጉለት፣ ቀለም ቀቡለትም አልልም። እንደ ፈረሰ ጠብቁልን ነው የምለው።

ይህ ለአንዳንዱ ወገን እንደሚከብደው አውቃለሁ። «የእግዚአብሔር ቤት ፈርሶ ይቅር ትላለህ?» ያለኝ ጎረቤቴ አለ፤ የማከብረው ሰው ነው። የመለስኩለትን እዚህም ልድገመው። ቅዳሴው አልተቋረጠም። ከታች የካ ሚካኤል አለ። ኅዳር 12ና ሰኔ 12 ሕዝቡ ይጎርፋል። ጥር 12 ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ ያለውን ሕዝብ አዲስ አበቤ ሁሉ ያውቀዋል፤ መንገዱ በነጭ ይሞላል፣ ወጣቱ ምንጣፍ ተሸክሞ ይሮጣል። ሚካኤል ቤት አላጣም። የላይኛው አለት ከእኛ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። እንደ አያቴ ጫማ አውልቆ የሚያየው ሰው ነው።

ሲሚንቶን የፈራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሲሚንቶ ለስላሳ ድንጋይ ላይ ሲለጠፍ ድንጋዩ መተንፈስ ያቅተዋል። ውሃው በሲሚንቶው በኩል መውጣት ስለማይችል በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ድንጋዩን ይዞት ይወርዳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሚንቶው ቆሞ ድንጋዩ ያልቃል። የላሊበላ ታሪክ ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ውሃ እንዳይገባ ተብሎ ሬንጅ የተቀቡ አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። አሳቡ ክፉ አልነበረም። ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ የጣሊያኑ አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው ሥራ ያንን ቅብ በማንሳት ተጠምዶ ነበር። ከዚያም በኋላ፣ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ገደማ፣ ትልልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። ዝናቡን ይከለክላሉ። ግን ነዋሪውና ካህናቱ ክብደታቸውንና ነፋሱን ፈርተው ስንት ጊዜ ጮኸዋል። ላሊበላ ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ያለ፣ ዓለም ሁሉ የሚያየው ቦታ ነው። እዚያ እንኳን መድኃኒቱ ራሱ ጥያቄ ካስነሳ፣ ማንም በማያየው በየካ ተራራ ላይ በችኮላ የሚደረግ እድሳት ምን እንደሚያደርስ አስቡት።

ፍርስራሽን እንደ ፍርስራሽ ጠብቆ ማኖር ነውር አይደለም። ለንደን መሐል ከተማ ውስጥ ሴንት ደንስታን ኢን ዘ ኢስት የሚባል በመካከለኛው ዘመን የተመሠረተ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1666 (እ.ኤ.አ.) የለንደን ቃጠሎ ጊዜ ተጎዳ። በ1941 ደግሞ የጀርመን ቦምብ መታው። እንደገና አልሠሩትም። የቆመውን ግድግዳ አጠናክረው፣ ውስጡን አትክልት ቦታ አድርገው በ1970ዎቹ መግቢያ ለሕዝብ ከፈቱት። ለንደን የሚኖሩ ወገኖቻችን ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ተቀምጦበት ሳያዩት አልቀሩም። የእኛ አለት አትክልት ቦታ ይሁን ማለቴ አይደለም። አንድ ትልቅ ከተማ ቁስሉን ሳይደብቅ ሊይዝ እንደሚችል ለማሳየት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኔ በተራው ነዋሪ ዓይን መጀመሪያ የሚመጣው ውሃው ነው። ቦዩ መውጫ ይፈልጋል። ድሮ ጠራቢዎቹ ውሃው የሚወርድበትን መንገድ ሳያስቡ ይህን ያህል ጥልቅ ቦይ አይቆፍሩም ነበር። ላሊበላን የሄደ ሰው ቦዮቹ ውሃ እንዲያወርዱ ተብለው መሠራታቸውን አይቷል። እዚህም መውጫው በአፈርና በቅጠል ተደፍኖ ይሆናል። ከላይ በኩል ደግሞ የተራራው ጎርፍ ወደ አለቱ አፍ ከመድረሱ በፊት ወደ ጎን የሚያዞረው ትንሽ ቦይ ይበቃዋል። ይህ ቢሊዮን ብር አይፈልግም። ይህች ከተማ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦን ፓርክ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያን የከፈተች ከተማ ናት። ጥቂት ሜትር ቦይ አያቅታትም።

እንግዲያው «ለምን ራሳችሁ አትጠርጉትም?» ትሉኝ ይሆናል። ይህን ጥያቄ እኛም ጠይቀናል። ሰፈር ውስጥ ለሥራ የተዘጋጁ ወጣቶች አሉ። ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ አካፋና ዶማ ይዘን ለመውጣት ተነጋግረን ነበር። ያስቆመን አንድ የሥነ ቁፋሮ ትምህርት የተማረ የሰፈር ልጅ ነው። «ጭቃው ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ» አለን። «የወደቀው ጣራ ከሥሩ ነው ያለው። ገል ካለ እዚያ ነው። የከሰል ፍም፣ የጧፍ ጠብታ፣ የጠራቢ መሮ ስባሪ ካለ እዚያ ነው። ድንጋይ መቼ እንደተጠረበ ራሱ አይናገርም። ከሰል ግን ይናገራል። እናንተ በአካፋ ዝቃችሁ ገደል ከጨመራችሁት፣ አራተኛው ክፍለ ዘመን ነው ወይስ አሥራ ሁለተኛው የሚለው ጥያቄ ለዘላለም መልስ ያጣል።»

ዝም አልን። አካፋውን ቤት መልሰን አስቀመጥን።

የልጁ ቃል ከሕጉም ጋር ይገጥማል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ማንም ሰው በቅርስ ላይ የጥገና ሥራ ከመሥራቱ በፊት የባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት አለበት ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። በጎ አሳቢዎችም ከክፉዎች እኩል ሊያበላሹ እንደሚችሉ የገባው ሰው የጻፈው ነው። ግን ሕጉ እጃችንን ካሰረ፣ ሌላ እጅ መምጣት አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 91 የአገሪቱን ታሪካዊ ቦታዎች መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ ነው ይላል። የዜጋውን ግማሽ ለመወጣት ዝግጁ ነን።

ፎቶ ይዤ አንድ ቢሮ ሄጄ እንደነበር ልናገር። ስሙን አላነሳም፤ ሰዎቹም በትሕትና ነው ያስተናገዱኝ። አንዱ ክፍል «ይህ የቤተ ክህነት ነው» አለኝ። ሌላው «የወረዳው ነው» አለ። ሦስተኛው «የፌዴራል ነው» አለ። የሁሉም መልስ በከፊል እውነት ነው። ችግሩም ይኸው ነው። ቦታው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሕጉ የባለሥልጣኑ ነው፤ ተራራውና ጎርፉ የከተማው ነው። ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ ፎቶዬ በአንዱ መሳቢያ ውስጥ ያረጃል። ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ ለአንድ ቢሮ ሳይሆን ለሁላችሁ በአንድ ላይ የጻፍኩት። ቀጠሮውን እናንተ ያዙ። ቦታው እዚያው አፋፉ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል። ቡናውን እናፈላለን።

ከውሃው ቀጥሎ የምለምነው ልኬት ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በሌዘር እያንዳንዱን ጥግ ለክተው በኮምፒውተር አስቀምጠዋቸዋል። ለዋሻ ሚካኤልም እንደዚያ ቢደረግ መልካም ነው። ያ እስኪሆን ግን ልደታ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንጻ ተቋም ከዚህ ተራራ በታክሲ የሚደረስ ነው። ተማሪዎቹ ሜትርና ካሜራ ይዘው አንድ ሳምንት ቢወጡ፣ የዘንድሮው ክረምት ምን እንደወሰደ በሚቀጥለው ዓመት ማወቅ እንችላለን። አሁን የምናወራው በግምት ነው። «ድሮ ይህ ግድግዳ ይበልጥ ነበር» እንላለን። ስንት ይበልጥ ነበር? ማን ለካው?

ዛፎቹንም አደራ። ባህር ዛፍ የምኒልክ ዘመን እንግዳ ነው፤ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት አውጥቷታል፤ አልጠላውም። አለቱ አፋፍ ላይ ያለው ግን ሥሩ የት እንደገባ ይታይ። ነቅሎ ማውጣት ስንጥቁን ይብስ ሊከፍተው ስለሚችል እንዴት እንደሚቆረጥ ባለሙያ ይወስን።

ተራራው ደግሞ እየተለወጠ ነው። በየካ በኩል መንገድ እየወጣ፣ ትልልቅ ግንባታ እየመጣ ነው። ልማቱን አልቃወምም። መንገድ ሲመጣ ሽማግሌዎቹም ወጥተው ሊሳለሙ ይችላሉ። ነገር ግን ከባድ መኪናና ቁፋሮ ከአለቱ ስንት ሜትር ይርቃል? የሚያንቀጠቅጥ ማሽን ተሰንጥቆ የቆመ ግድግዳን ምን ያደርገዋል? አዋጁ የተከለለ የቅርስ ቦታ እንዲኖር ይፈቅዳል። ክልሉ በካርታ ላይ ይሰመር። መሬት ላይም ይታይ። ቁፋሮ ሲኖር አዲስ ነገር ከተገኘ ወዲያው ማሳወቅ ግዴታ መሆኑም ለኮንትራክተሮቹ ይነገራቸው። በራራን ስንፈልግ በኤክስካቫተር አካፋ ላይ እንዳናገኛት እፈራለሁ።

አንድ ሰሌዳም ይቁም፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ። የአያቴንም የምሁራኑንም ቃል ይያዝ። «ትውፊቱ ይህን ይላል፤ አጥኚዎች ይህን ይላሉ» ይበል። ከመሐል አንዱን መርጦ ሌላውን አያጥፋ። «ግድግዳው ላይ ስም አትጻፉ» የሚልም ይጨመርበት። በር አጠገብ አንድ ሰው ስሙንና የፍቅረኛውን ስም በሚስማር ጭሯል። ከጎኑ ደግሞ የድሮው መሮ መስመር አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ሆድ ያባባል።

ከከተማ መውጣት ለሚችል ሰው አንድ ነገር ልጠቁም። ወደ መልካ ቁንጥሬ በሚወስደው አቅጣጫ አዳዲ ማርያም አለች። እሷም ከዚሁ ዘመን እንደሆነች የሚታሰብ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ዛሬም ይቀደስባታል። ሁለቱን ያየ ሰው ዋሻ ሚካኤል በሙሉነቱ ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር ይገባዋል። ልጄን በሚቀጥለው ወር እዚያ ልወስዳት ቃል ገብቼላታለሁ፤ ጣራ ያለውን እንድታይ።

ለጥያቄዋ ያኔ አፋፉ ላይ ቆመን የመለስኩላት «ዝናብ» ብዬ ነው። «ታዲያ ዝናቡን ለምን አያስቆሙትም?» አለች። ዝናቡን ማስቆም እንደማይቻል፣ ግን በሌላ መንገድ እንዲሄድ ማድረግ እንደሚቻል ነገርኳት። ስንወርድ መንገድ ዳር ያለ ጭቃ ላይ ተቀምጣ በእንጨት ቦይ ሠራች። ውሃው በቦይዋ በኩል ሲሄድ እጄን ይዛ አሳየችኝ።

ክቡራን፣ ሰኔ 12 ቅዳሴ ከወጣ በኋላ የሰፈራችን ሰዎች ወደ ላይ እንወጣለን። ከእናንተ መካከል አንድ የሥነ ቁፋሮና አንድ የውሃ ነገር የሚያውቅ ባለሙያ ቢመጣልን ይበቃናል። የት እንደምንቆፍር፣ የት ደግሞ እጃችንን እንደማናሳርፍ ያሳየን። አካፋውም፣ ዶማውም፣ ሰውም ዝግጁ ነው። እስከዚያ ድረስ ጭቃውን አንነካም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የየካ ነዋሪ